«እማዬ፣ መኪናችን እያንኳኳች ነው»

ጠዋት ከቤት የምንወጣበት ሰዓት በእኛ ቤት የታወቀ ግርግር አለው። አንድ እግር ጫማ ይጠፋል፣ የምሳ ዕቃው ክዳን አልገጥም ይላል፣ ትንሹ ልጄ ሞግዚቱ እቅፍ ውስጥ ሆኖ እያለቀሰ ይሸኘናል። ትንፋሼን የምሰበስበው መኪና ውስጥ ገብቼ በሩን ስዘጋ ነው። ሬዲዮ እከፍታለሁ፣ ከአያት ተነስቼ ትልቋን ልጄን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ ከዚያም ሜክሲኮ ወዳለው ቢሮዬ አመራለሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን ከኮንዶሚኒየማችን ግቢ ወጥተን ኮብልስቶኑ ላይ እንደደረስን፣ የአምስት ዓመቷ ልጄ ከኋላ ወንበር «እማዬ፣ መኪናችን እያንኳኳች ነው» አለችኝ።

«መንገዱ ነው የኔ ቆንጆ» አልኳት።

እሷ ግን ጨዋታ አደረገችው። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ በወጣ ቁጥር «ኳ!» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ እሷም ቀበል አድርጋ «ማነው?» ትላለች። ኳ! «ማነው?» ኳ! «ማነው?» ዋናው አስፋልት ላይ ስንወጣ ድምፁ ይጠፋል፣ ጨዋታውም ያበቃል። በሦስተኛው ቀን ምን አደረግኩ መሰላችሁ? የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረግኩት።

ሙያዬ ማርኬቲንግ ነው። ቢዝነስ ተምሬ ከተመረቅኩ ጀምሮ የምሠራው ደንበኛ ምን እንደሚል ማዳመጥ ነው። ቅሬታውን የሚናገር ደንበኛ ውለታ እየዋለልን እንደሆነ፣ አስጊው ዝም ብሎ የሚሄደው እንደሆነ ለአዳዲስ ባልደረቦቼ ስንት ጊዜ ነግሬያለሁ! የራሴ መኪና ቅሬታ ስታሰማ ግን ድምፅ ጨምሬ ሸፈንኩባት።

የአባቴ ኮሮላ

መኪናችን ሃያ ዓመት ያለፋት ኮሮላ ናት። አባቴ ነው የሰጠን። እሱ ዕድሜውን የጨረሰው በከባድ መኪና ሹፌርነት ነው፤ መጀመሪያ የአሰብን መንገድ፣ በኋላም የጅቡቲን መንገድ ተመላልሶበታል። ጡረታ ሲወጣ በቁጠባው ይህችን መኪና ገዛ፤ እኔ ሁለተኛ ልጄን ስወልድ ደግሞ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀምጦ «እኔ ከእንግዲህ የምሄደው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሱም በእግር ይደረሳል» አለኝ።

ይህችን መኪና መለወጥ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰቀለው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት ገና አቅማችን አልደረሰም። ስለዚህ እንደ ብዙዎቻችሁ እኛም ያለችንን ይዘን፣ ተንከባክበን መኖር ነው ምርጫችን። ባለቤቴም ስለ መኪናዋ በተነሳ ቁጥር «ኮሮላ እኮ ናት፣ ምን ትሆናለች!» ይላል። እኔም ይህንን አባባል እወደው ነበር፤ ጋራዥ ከመሄድ ያድነኛልና።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ድምፁ ከኮብልስቶኑ አልፎ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ላይም መሰማት ጀመረ። ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዶ ስለነበር ብቻዬን ከቢሮዬ አጠገብ ያለ አንድ ጋራዥ ጎራ አልኩ። ወጣቱ መካኒክ መኪናዋን ፊት ለፊት ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አደረጋት፤ ሳይነዳት፣ ጎማ እንኳን ሳያነሳ «ሾክ ነው እህቴ፤ የፊቱን ሁለቱንም መቀየር ነው» አለኝ። «በምን አወቅክ?» ስለው ፈገግ ብሎ «ለባለቤትሽ ደውዪልኝ፣ እሱን ላስረዳው» አለ።

ተናደድኩ። ግን የተናደድኩት በሚገባው መንገድ አልነበረም። «አስረዳኝ» ከማለት ይልቅ እኔም መወሰን እንደምችል ለማሳየት «ቀይረው!» አልኩት። የከፈልኩት ገንዘብ ከደመወዜ ግማሽ ያህል ይሆናል፤ ለልጄ ትምህርት ቤት ለቀጣዩ ተርም ካስቀመጥነው ላይ ነው የወሰድኩት።

ለሁለት ቀን ድምፁ የቀነሰ መሰለኝ። ምናልባት እንዲቀንስ ስለፈለግኩ ይሆናል። በሦስተኛው ቀን ኮብልስቶኑ ላይ፤ ኳ! ልጄም «ማነው?» አለች።

ባለቤቴ ከመስክ ሲመለስ «የመኪናዋ ድምፅ እንዴት ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ተሠርቷል፤ ጠፍቷል» አልኩት። ያ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶ ምንም እንዳልተለወጠ መናገር ከበደኝ። በስምንት ዓመት ትዳራችን ብዙ አልዋሸሁትም፤ ይህንን ግን ዋሸሁት።

የሹፌር እጅ

ከዚያ አዳማ የአጎቴ ልጅ ሰርግ ደረሰ። ቅዳሜ ማለዳ ሁላችንም፣ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቼና አባቴ፣ በኮሮላችን በፍጥነት መንገዱ ልንሄድ ተስማማን። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ሰፊና ለጥ ያለ ስለሆነ ሰው ሳይታወቀው 100 ይነዳል።

አባቴ ዓርብ ማታ እኛ ጋ ሊያድር ስለነበር ከታክሲ መውረጃው ልጄን ይዤ ልቀበለው ሄድኩ። አባቴ ግራ ጆሮው ደክሟል። ስንት ዓመት በተከፈተ መስኮት የከባድ መኪና ሞተር ሲጮህበት የኖረ ጆሮ ነው። ስለዚህ ድምፁን አይሰማውም ብዬ ተማምኜ ነበር፤ ይህንን ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል።

ኮብልስቶኑ ላይ ስንደርስ አባቴ ወሬውን አቋረጠ። እግሩን ወለሉ ላይ ዘርጋ፣ መዳፉን በሩ ላይ ለጠፍ አደረገ።

«ልጄ፣ የፊት ግራ ጎማሽ ምን ሆኗል?»

«ተሠርቷል አባዬ። ሾክ ቀይሬያለሁ።»

ከኋላ ያችው ልጄ «አልተሠራም አያቴ! አሁንም ያንኳኳል» አለች።

«ዞር በይና እንደገና ንጂው፤ ቀስ በይ» አለኝ። ዞርኩ። ሁለተኛ አዞረኝ። ከዚያ አስቁሞኝ ወረደና በጎማው ቅስት ሥር ተንበርክኮ በስልኬ መብራት ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ሲነሳ ጉልበቱን እያራገፈ «ነገ በዚህች መኪና ማንም የትም አይሄድም» አለ። አባቴ ብዙ አይናገርም፤ እንዲህ ሲናገር ደግሞ ክርክር የለም።

ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ አባቴና እኔ አሁንም መኪናዋ አጠገብ ቆመን ነበር። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ድምፁ እንዳልጠፋ፣ ገንዘቡን ከየት እንደወሰድኩ፣ እንደዋሸሁት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ገንዘቡ አይደለም» አለ። «እኔ ነበርኩ እኮ ነገ የምነዳት። ልጆቼን ይዤ፣ መቶ እየነዳሁ።» ሌላ ነገር አልጨመረም። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ግን እሱም የራሱን ተናገረ። «ባለፈው እሁድ ሰምቼዋለሁ። ተሠርቷል ስላልሽኝ ሳይሆን፣ እንደገና ወጪ እንዳይመጣብን ብዬ ነው ዝም ያልኩት።» ሁለታችንም ሰምተን ነበር። ያልተሸፋፈነችው የአምስት ዓመቷ ልጅ ብቻ ነች።

ጎማው ሲነሳ

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ አባቴ መገናኛ አካባቢ ወዳለ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወሰደኝ። ጋሼ ብዬ ነው የምጠራቸው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ለአባቴ አልነበረም፣ ለእኔ ነበር። «አንቺ ነሽ የምትነጃት? እንግዲህ ንገሪኝ። መቼ ነው የሚሰማው?»

መኪናዋን በክሪክ አነሱና ከሥሯ ጠንካራ የብረት መደገፊያ አስገቡ። «ክሪክ ብቻውን የያዘው መኪና ሥር በፍጹም እንዳትገቢ» አሉኝ። ከዚያ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወዘወዙት። ጎማው ተላወሰ። ረጅም ብረት ከሥር አስገብተው ቀስ ብለው ወደ ላይ ሲያነሱት ያን ድምፅ ሰማሁት። ኳ! ያ የጠዋት ጠዋት ድምፅ፣ ዓይኔ እያየው።

«ቦል ጆይንት ነው» አሉኝ። ጎማው የተያያዘበትን ክፍል ከታች ካለው የመኪናው ክንድ ጋር የሚያገናኝ መገጣጠሚያ ነው። እንደ ሰው ዳሌ አጥንት አስቡት፤ ክብ ራስ ያለው ብረት ጎድጓዳ ማቀፊያ ውስጥ ተቀምጦ፣ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ሲል፣ መሪ ሲዞርም አብሮ ይዞራል። በዙሪያው ግራሶውን የሚጠብቅ የጎማ ሽፋን አለው። የእኔ ሽፋን ተቀዶ፣ ግራሶው አልቆ፣ ውኃና አፈር ገብቶበት ዝጓል። ብረቱ ተበልቶ ማቀፊያው ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ጉድጓድ ሲያገኝ ያንኳኳል።

«ሲለቅስ?» አልኳቸው።

መዳፋቸውን አቁመው፣ ከዚያ ወደ ጎን አጠፉት። «ጎማው እንዲህ ይተኛል። መሪው በእጅሽ ነው፣ ጎማው ግን አይታዘዝሽም።» አባቴ ፊቱን አዞረ። በረሃ መንገድ ላይ ምን ምን እንዳየ ነግሮን አያውቅም፤ በዚያች ደቂቃ ግን አንዱን እያየ እንደነበር ገባኝ።

ለመለዋወጫው ወደ ሶማሌ ተራ ሰው ተላከ። አዲስ ቦል ጆይንት፣ ከነእጅ ዋጋው፣ ለሾኩ ከከፈልኩት በእጅጉ ያነሰ ነበር። «ሾኩም አርጅቶ ሊሆን ይችላል፤ ያንኳኳው ግን እሱ አልነበረም» አሉኝ ጋሼ፤ የሌላውን መካኒክ ስም ሳያነሱ።

ድምፁ ምን ይላል?

ዕቃው እስኪመጣ ድረስ ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ፣ ልክ የደንበኛ ቃለ መጠይቅ እንደማደርግ፣ የጋሼንና የአባቴን ትምህርት ጻፍኩ። ሁለቱ ሲነጋገሩ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ ይላሉ፤ ከጣሊያንኛ ወደ ጋራዦቻችን ገብተው የቀሩ ቃላት ናቸው። ቃሉን ማወቅ በራሱ ጠቃሚ ነው፤ ስሙን የሚያውቅ ሰው በቀላሉ አይታለልም። ከጻፍኩት ውስጥ ለእናንተም ይጠቅማል ያልኩትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ድምፁ ከሞተር ነው ወይስ ከጎማ በኩል? የሚለውን ለዩ። ገላጣ ቦታ አቁማችሁ፣ የእጅ ፍሬን ይዛችሁ፣ ከማርሽ አውጥታችሁ ነዳጅ ስጡ። ድምፁ ቆማችሁም ከተሰማና ነዳጅ ስትጨምሩ አብሮ ከጨመረ፣ ምንጩ ሞተሩና በዙሪያው ያሉት ናቸው። ስትሄዱ ብቻ ከመጣ ግን ጎማ፣ ፍሬን፣ ኩሽኔታና መገጣጠሚያዎች ዘንድ ፈልጉት።

ፍሬን ስትይዙ ቀጭን ፉጨት ከተሰማ የፍሬን ሸራው እያለቀ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሸራዎች ላይ ሲያልቁ ዲስኩን እየነካች እንድትጮህ የተሠራች ትንሽ ብረት አለች፤ ጩኸቷ ማስጠንቀቂያ ነው። ፉጨቱ ወደ መፋጨት፣ ብረት በብረት ወደሚፈጭ ድምፅ ከተለወጠ ሸራው አልቋል ማለት ነው፤ ያኔ ነገ አይባልም።

ጠዋት በብርድ ወይም በዝናብ ሞተር ስታስነሱ የሚጮህ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚጠፋ ጩኸት ብዙውን ጊዜ የላላ ወይም ያረጀ ቺንጋ ነው። መሪ እስከ ጥግ አዙራችሁ ስትነሱ «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ከሆነ፣ ከካምቢዮ ወደ ፊት ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ሲቪ ጆይንት ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ጎማዎቹ ውስጠኛ ክፍል ላይ ግራሶ ተረጭቶ ካያችሁ ሽፋኑ ተቀዷል ማለት ነው፤ ቶሎ ከተደረሰበት ሽፋኑን ብቻ ቀይሮ መዳን ይቻላል።

ከፍጥነት ጋር እየጨመረ የሚሄድ፣ እንደ ንብ የሚያምም ድምፅ፣ መሪውን ወደ አንድ ጎን ስታዘነብሉ ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ፣ የጎማ ኩሽኔታ ጠርጥሩ። ጎማው ወጣ ገባ ሆኖ ሲበላም ተመሳሳይ ድምፅ ይሰጣል። ጉድጓድና ጉብታ ላይ ብቻ የሚያንኳኳ ደግሞ እንደኛው ቦል ጆይንት፣ ወይም ያለቀ ጎሚኒ፣ ወይም ሾክ ሊሆን ይችላል፤ ጎማው ተነስቶ ሳይወዘወዝ «ይህ ነው» የሚላችሁን አትመኑ።

ሞተሩ «ጠቅ ጠቅ» ማለት ከጀመረ ሌላ ነገር ከማሰባችሁ በፊት ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ሜዳ ላይ አቁማችሁ ዘይቱን ለኩ። መኪናዋ እንደ ሞተር ብስክሌት ካገሳች ማርሚታው ወይም የጭስ መስመሩ ተበስቶ ይሆናል። ይህ የድምፅ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ መርዛማው ጭስ ወደ ውስጥ ገብቶ ልጆቻችሁ ሊተነፍሱት ይችላሉ።

ጋራዥ ስትሄዱ ደግሞ «ሾክ ቀይርልኝ» አትበሉ። ምልክቱን ተናገሩ፤ መቼ ይሰማል፣ በየት በኩል፣ በስንት ፍጥነት፣ ሲቀዘቅዝ ወይስ ሲሞቅ? ከተቻለ በስልካችሁ ቅዱት። መካኒኩ አብሯችሁ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ድምፁን እንዲሰማ ጠይቁ። የተበላሸውን ዕቃ ሳይፈታ እንዲያሳያችሁ፣ ከቀየረውም በኋላ አሮጌውን እንዲሰጣችሁ አድርጉ። እህቶቼ፣ በተለይ ለእናንተ፤ «ለባለቤትሽ ደውዪ» ያላችሁን ሰው «ለእኔ አስረዳኝ» በሉት። ካላስረዳችሁ ሌላ ጋራዥ አለ።

በሚኒባስ ወደ ሰርጉ

አዳማ የደረስነው በሚኒባስ፣ ሙሽሮቹ ከገቡ በኋላ ነው። ልጄ አባቴ ጭን ላይ፣ ትንሹ እኔ ላይ ተኝቶ፣ የባለቤቴ ሱፍ ተጨማድዶ። የፍጥነት መንገዱ ላይ መኪኖች እንደ ጥይት ሲያልፉን በመስኮት እያየሁ ብዙ አሰብኩ። ባለቤቴ እጄን ያዘኝ። አልተነጋገርንም።

ሰኞ መኪናዋን ተቀበልን። መገጣጠሚያ ሲፈታ የጎማ አቅጣጫ ሊዛነፍ ስለሚችል አላይመንት አሠራን። አሮጌው ቦል ጆይንት ዛሬም ወጥ ቤታችን መስኮት ላይ ተቀምጧል፤ ሞግዚቷ ልትጥለው ስትል አስቀረሁት። ከባለቤቴ ጋርም አንድ ስምምነት አለን፤ ወጪ የሚያመጣ ወሬ ሲኖር ማታውኑ ይነገራል።

ባለፈው እሁድ ቤተሰቡ በሙሉ ወደ አባቴ ቤት ስንሄድ ደግሞ አዲስ ድምፅ መጣ። ክርር፣ ክርር የሚል። ባለቤቴ ሬዲዮውን አጠፋ። ሁላችንም ጸጥ አልን። «ሲታጠፍ ነው» አለ እሱ። «በስተቀኝ ነው» አልኩ እኔ። ልጄ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች፤ እጇን ኪሱ ውስጥ ከተተችና አራት የመስታወት ብይ አወጣች።

«የእኔ ናቸው» አለች አፍራ።

ያን ቀን በመንገዱ ሁሉ ሬዲዮ አልከፈትንም።